ሎተሪ አላልኩም

ከገበያ ማዕከል ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ፥
የሰው ቃል አደርሳለሁ፥ በደቂቃ ሒሳብ፥ በጆሮዬ ተሸክሜ።
በመስመሩ ላይ ስም የለኝም፥ ቁጥር ነኝ፤
«አስተርጓሚ ሰባት መቶ አራት» ነው የሚሉኝ።
ሕጉም አጭር፦ አትጨምር፥ አትቀንስ፤
ቢያምህም አትተንፍስ።

ያን ማክሰኞ ጥሪው ከሱ ፎልስ ነበር፥
ከደቡብ ዳኮታ በረዶ ሥር፥
ከቤቶች ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ፤
ወረቀት ሲገለጥ፥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ ከሩቅ።
ይግባኝ ሰሚው ሚስተር ሃልቨርሰን፤ ድምፁ ለስላሳ።
ፊት ለፊቱ ወይዘሮ ትርንጎ። «ይቅርታ ስለ ልብሴ» አለች አስቀድማ፥
ከስጋ ፋብሪካ ሌሊቱን ቆማ አድራ
በቀጥታ መጥታ።

«የኪራይ ድጎማሽ ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ይቋረጣል፤
ጃንዋሪ ላይ ስምንት ሺህ ዶላር ሒሳብሽ ገብቷል፤
ያላስመዘገብሽው ገቢ ነው ይላል ፋይሉ።»
አቀበልኳት እንዳለ፥ ሳላጎድል ከቃሉ።

«ገቢ አይደለም ጌታዬ፥ ገንዘቡ የራሴ ነው፤
አራት መቶ፥ አራት መቶ እያልኩ የምጥለው ነው።
ሃያ ሰዎች ነን፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እንሰበሰባለን፤
ዕቁብ እንጥላለን።
በጥር ዕጣው ወጣልኝ።»

ዕቁብ።
ሦስት ፊደል ናት፤ አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነችብኝ።
እኔም ዕቁብተኛ ነኝ እኮ፤ የተቀመጥኩባት መኪና የዕቁብ ናት፤
በእንግሊዝኛ ግን ስም አጣሁላት።
ብድር ልበል? ማኅበር? ቁጠባ?
ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ዝምታው መሐል ገባ፤
ዕጣ የምትለዋ ቀደመችኝ፥ ምላሴን ስባ፥
«ሎተሪ» አልኩ።

«እሺ፥ ሎተሪ ደርሷታል» አለ ሰውየው ለራሱ፤
የብዕሩ ጫፍ ሲጫር ሰማሁ፤ አንድ ቤት ተዘጋ በእሱ።

ወንበር ወደቀ።
«ቆይ! ሎተሪ? ሎተሪ አላልኩም!
ያቺን ቃል ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻኝም!
ሎተሪማ ሺህ ሰው ከስሮ አንድ ሰው የሚስቅበት ነው፤
ዕቁብ የበላም ያልበላም እኩል የሚጥልበት ነው።
በላሁ ማለት ተገላገልኩ ማለት አይደለም፤ አሥራ አንድ ዙር ቀርቶብኛል፤
ያ ገቢ ከሆነ፥ ይህን ዕዳዬን ምን ይሉታል?
በሕግ አምላክ! አንተ ልጅ፥ ያልኩትን ንገርልኝ!»

በሕግ አምላክ።
ሸሽቶ የሚሮጥ ሌባ የሚገታበት ቃል፤
ስልክ ላይ ያለ ሰውም፥ ለካ፥ ይቆማል።

«አስተርጓሚው ተሳስቷል» አልኩ፥ እንደ ደንቡ ራሴን እንደ ሌላ ሰው ጠርቼ፤
«ቃሉ ሎተሪ አይደለም፤ ይሰረዝ» አልኩ፥ ባዶ መኪና ውስጥ አንገቴን ደፍቼ።
«ቃሉ ዕቁብ ነው። ትርጉሙን እሷን ጠይቁ፤ እኔ አጥቼዋለሁ።»

ደብተር ተገለጠ፥ ጸሐፊው ጌጤነህ በካሬ ወረቀት ያሰፈረው፤
ስም በስም አነበበችው፦
ዘርፌ ከፍላለች። ምሕረተአብ ከፍሏል።
አስካለ ዘግይታ፥ ከነቅጣቷ።
ስም አይተረጎምም፤ ስሙን እንዳለ ትቼ
መክፈሉን ብቻ ደገምኩ፥ ሃያ ጊዜ፥ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

«ቅጣት? ማን ነው የሚቀጣው?»
«ዳኛችን ናት። ወይዘሮ አልጋነሽ፥ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው።»
ዳኛ ያለችውን ዳኛ አልኩት። አንድ አፍታ ዝም አለና
«ፊደሏን ንገረኝ» አለኝ፥ «የዚያችን ቃል፥ እንደገና።»
አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፦ ኢ፥ ኪው፥ ዩ፥ ቢ።
ጻፈ።

«ውሳኔው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በፖስታ ይደርሳታል።»
መስመሩ ተዘጋ፤ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይላል።
ለእኔ ፖስታ አይመጣም። ሎተሪን ሰረዛት? ወይስ እንዳለች ትቷት
ዕቁብን ከጎኗ ደረበላት?
ስልክ ዓይን የለውም፤ ብዕሩን አላየሁ።
እሑድ የራሴን ሦስት መቶ ልጥል ስሄድ ጸሐፊያችንን እጠይቀዋለሁ፦
ዕቁብ በእንግሊዝኛ ምንድነው?
«እኔ እንጃ፥ አንተ ብቻ ክፈል» ይለኝ ይሆናል።