የዘነበለው ትከሻ

ከታቦር ግርጌ፣ በተከራየኋት ክፍል፣
ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ግዙፍ ሰው ስስል፣
ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሞላ፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደልቃል፤
የደንበኛዬ ትዕዛዝ «ጡንቻው ይብዛ» ይላል።
ቀንድ ያለው፣ ሰይፍ የጨበጠ፣ ተራራ የሚንድ ጀግና፤
ደረቱ በር የሚያህል፣ ስም ያልወጣለት ገና።

በአንደኛው ንብርብር አጥንቱን በቀጭን መስመር፤
በሁለተኛው ሥጋውን፣ እንደ ጭቃ ስደምር፤
በሦስተኛው ክንዱን ነፋሁት፣ ደረቱን ነፋሁት፣
እንደ ልደት ፊኛ አሳበጥሁት።
ራቅ ብዬ አየሁት፤
ድንች የተሞላ ጆንያ።
ከነቀንዱ፣ ከነሰይፉ፣ ድንች የተሞላ ጆንያ።

ሰረዝሁት። ሳልሁት። ደግሞ ሰረዝሁት።
ጣቴ የመመለሻውን ቁልፍ እንደ መቁጠሪያ ቆጠረ።
በዚህ መሀል መብራት ሄደ፤
ያላስቀመጥሁትን ክንድ
ከነጅማቱ ጨለማ ዋጠው።

ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል ወረድሁ፣
እንቅልፍ ያጣ ዓይኔን ይዤ።
አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመዋል፤
ራሰ በራ፣ ኮት የደረቡ፣
የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ።
ሌዳሞ መረብ ይጎትታል። ሸሚዙን ወገቡ ላይ አስሯል።
ጡንቻው ያበጠ አይደለም፤
ሲስብ ይመጣል፣ ሲለቅ ተመልሶ ይገባል፣
ከውኃው ሥር ሽው እንደሚል ዓሣ።
የቱ ጅማት፣ የቱ ሲባጎ እንደሆነ
አልለይ አለኝ።
ሃያ ዓመት በአንድ ወገን ጎትቶ
ቀኝ ትከሻው ከግራው በሁለት ጣት ዘንበል ብሏል።

ጥላውም ጥቁር አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።
ከብብቱ ሥር ወይን ጠጅ፣
ከጀርባው አጥንት ጎን የሐይቁ አረንጓዴ፣
ትከሻው ጫፍ ላይ ደግሞ ፀሐይ
የብርቱካን ልጣጭ አስቀምጣለች።
እኔ ነኝ ቡኒን ከጥቁር ለውሼ ሥጋ ስለው የኖርሁት!

ሁለት ሌሊት ከአንድ ቀን፣ ጀመርሁት ከሥሩ፤
ወይን ጠጁ ከጥላው፣ ብርቱካኑ ከዳሩ፤
ሠላሳ አንድ ንብርብር፤ ላብ ብቻ ያለበት አንዱ፤
ያቺን የሁለት ጣት ዝንባሌ ሳልነካ፣ ከነጉዱ።

መልስ መጣ፤ «ቆንጆ ነው፤ ትከሻው ግን ተንጋዷል።
አስተካክይው። ጡንቻም ጨምሪ።»
አስተካከልሁት። የቤት ኪራይ ነዋ።
ግራውን ገልብጬ ቀኝ አደረግሁት፤
ሃያ ዓመት መረብ፣ በአንድ ጠቅታ።
ላክሁት። ገንዘቡ ገባ።

ያልተስተካከለውን በስልኬ ይዤ ወረድሁ።
ሌዳሞ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበለኝ፤
ቅርፊት የተጣበቀበት አውራ ጣቱ
ስክሪኑን ነክቶ ግዙፉን አጎላው፤
ቀንዱን አለፈ፣ ሰይፉን አለፈ፣
ትከሻው ላይ ቆመ።
ዝም አለ። የራሱን ትከሻ አሻሸ።
«ይሄን ሰውዬ ያመዋል» አለ። «ሲበርድማ ይብስበታል።»
ቆየት ብሎ ደግሞ፣
«ግን አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ጉልበት ይዞ
ምን ሊጎትትበት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ቆሮሶ በፌስታል ሰጥቶኝ
ወደ ጀልባው ሄደ።

ማታ ሠላሳ ሁለተኛ ንብርብር ከፈትሁ።
ሰይፉን አላጠፋሁትም፤ ዓይኑን ብቻ ጨፈንሁበት።
ከጨበጠው መዳፍ ገመድ ተረተርሁ፤
ገመዱ በሰያፍ ወርዶ
ከሥዕሉ ጠርዝ ውጪ ይሄዳል።
ጫፉ ላይ ምን እንደተያዘ እስካሁን አላውቅም።
ብቻ ከባድ ነው።