በዚህ ቦታ ምንም አልተገኘም

አምስት ታብሌት ነበር፣ ለአርባ ሁለት ልጅ፤
አምስቱን የከበበ ሰማንያ አራት እጅ፤
ቅዳሜ ማለዳ፣ ጣና ዳር፣ ሾላው ሥር፣
እኔም ከጎናቸው፣ ልቤ ሲሸበር።

«ወደ ውኃው አዙሩት። ቀስ። አሁን ተመልከቱ።»
እንቦጩ ተገፎ ጠራ የሐይቁ ፊቱ፤
ጉማሬ ብቅ አለ፣ በጆሮው እየረጨ፣
ከኋላው ታንኳዬ ሐይቁን እየላጨ፤
ሰባት ወር ለፍቼ፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣
ከአንድ ፎቶ ግራፍ ቀድቼ የሳልኳት።

ቢያድግልኝ ጮኸ፣ ሊነካት ዘርግቶ፤
እጁ አልፏት ሄደ፣ አየር ብቻ አግኝቶ።
መምህርት ውዳላት ነጠላዋን ጥላ
ከልጆች ተሻማች፣ «ተራዬ ነው» ብላ።

አንዲት ልጅ ብቻ ዝም።
ጦይባ ትባላለች፤ የሐምዛ ልጅ።
አየችው። አጋደለችው። ወደኔ መጣች።
«ጋሼ፣ ይቺ ታንኳ ትሰጥማለች።»

«ለምን?»
        «የደንገሉ ወፍራሙ ጫፍ ነው ወደ ፊት የዞረው፤
        ውኃ የሚገባው በሱ ነው።
        ልጡም ላልቷል። ሰውየው መደብ የለው፣ እርጥብ ላይ ተቀምጧል።
        አባቴ ቢያያት
                ለማገዶ ይላት።»

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ጥርሴ ላይ ደረቀ፤
ታብሌቱን እንደያዘች እግሯ እየራቀ
በሆቴሉ አጥር ዞራ፣ ጭቃውን ተሻግራ፣
የደንገል ነዶ እንደ ሰው ከቆመበት ስፍራ
ደረሰች።
ስክሪኑን አነሣች ወደ ገዛ ደጇ፣
ወደ ላስቲክ ጣራው፣ ወደተሰጣው መረብ፣
ቀረሶ ወደሚልጥ ታናሽ ወንድሟ።

ክቧ ዞረች። ዞረች። ዞረችና ቆመች።
«በዚህ ቦታ ምንም አልተገኘም።»

ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣
አንድ ሌሊት፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንቅልፍ እያዳፋኝ፤
ገዳማቱን ጨርሼ፣ ድልድዩን ጨርሼ፣
ለባዶው ሁሉ ይሁን ብዬ፤
ባዶው የቱ እንደሆነ
ማንንም ሳልጠይቅ።

አላለቀሰችም።
ድምፅ አውጥታ አነበበችው፣ እንደ ክፍል ንባብ፣
ቃል በቃል፣ በጣቷ እየተከተለች።
«ተበላሽቷል መሰለኝ፣» ብላ መለሰችልኝ።

ዛሬ አራተኛ ቅዳሜዬ ነው ከሐምዛ ዘንድ።
መዳፌን ልጥ በልቶታል።
ሐምዛ ብዙ አያወራም። «ሳብ» ይላል፤ «ሳብ።
እንዲህ አይደለም። ፍታው።»
ፈታሁት። አሥር ጊዜ ፈታሁት።
ቀጭኑ ጫፍ ወደ ፊት፣ ሽቅብ፣ እንደ ዳክዬ አንገት።
ጦይባ ስልኬን ይዛ የአባቷን ጣቶች ትቀርጻለች፤
ስትሰለች ደግሞ ዝንቦቹን።
ቢያድግልኝም መጣ። ታንኳዋን ነካት፤
እጁ አላለፈም፤
ስንጥር ወጋው፤
ደስ አለው።

ያቺ መስመር ግን ገና አለች።
«በምን ልተካት?» አልኩት ሐምዛን፣
ጀንበር ወደ ዘጌ ስታዘቀዝቅ።
ነዶውን አገላበጠ፤
ጎንበስ ብሎ አሸተተው።
«ቆይ በል፣» አለኝ። «ቆይ።
        ደንገሉ ገና አልደረቀም።»