ቀለም የዘለቃት

ቤሌም፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ዓሣ ሻጮች ከሚጮሁበት፣
አንድ በር፣ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር ያለበት፣
ይኸው ነው የኔ ፀጉር ቤት።

ልጅ ሳለሁ መምህርት ኦዴት
እናቴን ጠርታ፣ ደብተሬን ገልጣ አሳየቻት፤
«ይቺስ በእጇ ትደር» አለቻት፣
«ቀለም አይዘልቃትም።»
እናቴም አልተከራከረችም።

ኋላ ግን ቀለም ዘለቀኝ!
በጥፍሬ ስር፣ በጣቴ ስንጥቅ፣
ቡናማው፣ ጥቁሩ፣ ቁጥር ስድስት ቀዩ፣
ሳልማረው ገባኝ።

ከሁሉም የባሰው ፎርማሊኑ ነበር፤
ሬሳ እንዳይፈርስ የሚነክሩበት፣
እኛ ከርዳዳ ፀጉር የምናስተኛበት።
መስኮት ከፍተን፣ ማራገቢያ አዙረን፣
ደንበኛዋ በእርጥብ ፎጣ አፍንጫዋን አፍና፣
እኔ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣
«ቁንጅና ያስለቅሳል» ተባብለን ሳቅን።
አሥራ ስምንት ዓመት ሳቅን።
አንዲት ፊደል ተቀየረችና
ሳቃችን ሳል ሆነ።

ረዳቴ ጁሳራ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፣
ብሩሹን እንደያዘች ተዝለፈለፈች አንድ ቀን፤
ከንፈሯ አመድ መሰለ።
«ደህና ነኝ» አለች።
እኔም ስንት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው።
በሩን ዘጋሁ።

ልድፋው ብዬ ጠርሙሱን ይዤ ማጠቢያው ላይ ቆምኩ።
ማጠቢያው ወዴት ይወርዳል? ወደ ቦዩ።
ቦዩስ? ወደ ወንዙ።
ወንዙስ? ወደ ራይሙንዳ መረብ፣
ከመረቡ ወደ ድስቴ።
ለካ «ጣልኩት» የሚሉት ነገር
የሚያርፍበት አገር የለውም።
አሥራ አንዱን ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ አሸግሁ፣
«መርዝ» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት፣
ደረጃው ስር ከተትኩት፣
ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። «እንመጣለን» አሉ።
ይኸው ሁለት ክረምት ጠባ።

በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ መጣ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ፤
አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ቅጠል የተሳለበት።
«ተፈጥሯዊ ነው እመቤቴ፣ በቀጥታ ከጫካው!»
መነጽሬን አጠለቅሁ።
ከቅጠሉ ጀርባ፣ ጉንዳን በሚያህል ጽሕፈት፣
ሃያ ሦስት ስም ተኮልኩሏል።
በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ ወረድኩ፤
ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ።
ስሙን ቀይሮ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ቢመጣም
የፈታሁት ባል አይጠፋኝም።
«ይኼ እኮ ውስጥ ለውስጥ ያንኑ ይወልዳል» አልኩት።
ልጁ ጠርሙሱን ገልብጦ አየው፤
እሱም አላነበበውም ኖሯል።

አሁን ያለኝ አንዲሮባ ነው፣ ከደሴቱ ሴቶች የምገዛው፤
ሽታው ይመርራል፣ አልዋሽም።
ሂናውም ሽበት ላይ ይለግማል።
ወይዘሮ ኤውኒሴ ለልጇ ሠርግ ፀጉሯን ልታስተኛ መጥታ
«ያንን አልሠራም» ብላት
ቦርሳዋን አንስታ መንገዱን ተሻገረች፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ማዶ ይሰለፋሉ።
የቤት ኪራይ ሳንባ የለውም፣
አይስልም፣ አያዝንም፣ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

የተቆረጠውን ፀጉር ግን አልጥልም፤
አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቄ ለጀልባ አሳሪዎቹ እሰጣለሁ፣
ከሞተር የሚንጠባጠበውን ዘይት ይመጥላቸዋል።
ወይዘሮ ኤውኒሴ አታውቅም እንጂ
የጥር ወሩ ጫፍ ፀጉሯ ዛሬም ወደቡ ላይ ተቀጥሮ ያድራል።

ባለፈው ማክሰኞ
አንዲት አሮጊት በልጅ ልጇ ተደግፋ ገባች።
ድምጿን ሰማሁና እጄ ላይ ያለው ማበጠሪያ ቆመ።
አላስታወሰችኝም፤ እኔም አላስታወስኳትም።
«ዓይኔ ደክሟል» አለች፣ «ምን ምን አለበት? አንብቢልኝ።»
አነበብኩላት። አራት ስም ብቻ ነበር፤
ሁለቱ ቅጠል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ውኃ።
«ጥሩ ታነቢያለሽ» አለችኝ።
ዝም አልኩ።
ነጭ ፀጉሯን በሁለት መዳፌ ይዤ ውኃውን ለቀቅሁት፣
አንገቷ እንደ ወፍ ቀለለኝ።
«ለመሆኑ ቀለሙ ይዘልቃል?» ስትል ጠየቀችኝ።
«አይዘልቅም መምህርት፤
ከላይ ይይዛል፣ ከላይ ይለቅቃል።
የምወደውም ለዚሁ ነው።»

«መምህር እንደነበርኩ ማን ነገረሽ?» አለች።
ውኃው ይወርድ ነበር፣ ወደ ቦዩ።