የቀለም ሰዋስው

ከሌሊቱ ሰባት፣ ኦሳካ ተኝቶ፣
የመጨረሻው ባቡር ጋራዡ ውስጥ ገብቶ፣
ካናሜ መሰላሉን ተሸክሞ ይገባል፤
የትናንቱን ማስታወቂያ አውርዶ የነገን ይሰቅላል።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ፉርጎ በፉርጎ፣
አንገቱን ወደ ጣሪያው እንደ ሰጎን አርጎ።

ሁለት ጥቅል አለው።
አንዱ "ለሴቶች ብቻ" ለተባለው ፉርጎ፦ ሮዝ፣ ፊደሉ የቀለለ፣
የልጅቷ አንገት እንደ አበባ ግንድ ዘንበል ያለ።
ሌላው ለቀሩት፦ ጥቁር፣ ፊደሉ እንደ ጡብ የተጣለ፣
መንጋጋው ማዕዘን የሆነ ሰው፣ ፈገግ ያላለ።

በእኛ አፍ ቢሆን ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ፤
"ግዛ" ወይ "ግዢ" ተብሎ ነገሩ በአንድ ፊደል በወጣ።
የእነሱ ግስ ግን ወንድና ሴት አይለይም፤
"አንተ" "አንቺ" የሚል ጭራ አይከተለውም።
ስለዚህ ቀለሙ ሰዋስው ሆነና፣
ሮዙ "ነይ" ይላል፣ ጥቁሩ "ና"።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ቺዙሩ ስትሞት
መታጠቢያ ቤት ቀረ ምላጯ፣ ሮዝ እጀታ ያለው፤
አርባ ዘጠኝ ቀን አልፎ እንኳ እጁ አልደፈረው።
የራሱ የደነዘ ዕለት አነሣው። ጉንጩን ላጨ፣ አገጩን።
ያው ፋብሪካ፣ ያው ስለት። ቆዳው "የማን ነው?" አላለም፤
ለቀለሙ ሃምሳ የን ስትጨምር እሷም አልጠየቀችም።
ለካ እዚያ ጣሪያ ላይ፣ ወረቀት ነው ሲል የኖረው፣
በገዛ ሚስቱ ላይ ዋጋ ነበር የሰቀለው።

ዛሬ ሌሊት፣
ዓይኑ ደክሞ ይሁን፣ እጁ አስቦበት፣ እንጃ፣
ጥቅሎቹ ቦታ ተለዋወጡ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣
በሴቶቹ ፉርጎ ባለ መንጋጋው ሰው ጣሪያው ላይ ገንኖ፣
የፀጉር ማብቀያ ይሸጣል። አንዲት ተማሪ ሳቀች።
አንዲት አሮጊት ግን ባርኔጣዋን ዳሰሰች፣
ግራ ቀኝ አየችና ስልክ ቁጥሩን ጻፈች።

በሌላው ፉርጎ፣ ቦርሳውን ያቀፈ፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣
ከሮዙ ወረቀት ሥር ቆሞ ቀና አለ፤ ዓይኑን አበሰ።
አንድ ቃል ብቻ ነው የተጻፈው። እኔ ልተርጉመው ብል ተቸገርኩ፣
"ደክሞሃል?" ልበል "ደክሞሻል?" እያልኩ ቆየሁ።
እሱ ግን አልተቸገረም። በከንፈሩ ብቻ "አዎ" አለ፣
መውረጃውንም አለፈው።

ሁለት ሰዓት ላይ አለቃው ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ።
ካናሜ አላነሣም።
ይላጭ ነበር።