ጠብቆ፣ ላልቶ

ከቃሊቲ በሚኒባስ፣ ዱከም ስወርድ በጧት፣
ክላሰሬ ውስጥ ነበር፣ የአምስት ዓመት ልፋት፤
ሜካኒካል ምህንድስና፣ ሦስት ነጥብ አራት።
እንግሊዝኛው ላይ ኤ ነው፣ ጎልቶ በጥቁር ቀለም፤
የተፈተነው እጄ ነው፣ አፌ ተፈትኖ አያውቅም።
"ዮሐንስ ደብዳቤ ጻፈ"ን፣ "በዮሐንስ ተጻፈ" ማለት፣
ስገለብጥ ኖሬያለሁ፣ አሥራ ሁለት ሙሉ ዓመት፤
እስከ ዛሬ ድረስ ግን፣
ከዮሐንስ አንድ መስመር ደብዳቤ አልደረሰኝም።

የንጣፉ ማተሚያ፣ ቁልፉ ሁሉ በቻይንኛ፤
አለቃችን ሚስተር ጉዎ፣ አማርኛ የለው፣ እንግሊዝኛ፤
ሁለት ቃል ብቻ ይዟል፣ "ችግር" እና "ቶሎ በል"፤
አንዱን ባንዱ እየደረበ፣ ቀኑን ሙሉ ይላል፦
"ቶሎ ችግር! ችግር ቶሎ!"
እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ኤክስኪዩዝ ሚ ሰር" ስለው፣
ዞር ብሎ ይጣራል፣ "ዲንቂቱ!" ነው መልሱ፣ ሌላ የለው።

ዲንቂቱ ማለት፣
ከስምንተኛ ክፍል ደብተር ያጠፈች ናት።
ይህ መጋዘን ያረፈበት፣ የአባቷ ጤፍ ማሳ ነበር፤
ካሳው ሲያልቅ እሷ ገባች፣ ካርቶን በቁና ልትቆጥር።
ኦሮምኛዋ የእናቷ፣ አማርኛዋ የገበያ፣
ቻይንኛዋ የወለሉ፣ ያለ ጠመኔ፣ ያለ መምሪያ፤
አራት ዓመት ጆሮ ጥላ፣ ለቅማ ለቅማ ይዛዋለች፣
ያለ አንዲት ብር ጭማሪ፣ ኢንጂነሩን ትተረጉማለች።

ማክሰኞ ነው፤
በዳዳ የተጣበቀች ንጣፍ ሊነቅል እጁን ሲሰድ፣
የማተሚያው ክንድ ከላይ ጀምሮ ነበር መውረድ።
ቁልፉ ያለው ጉዎ ዘንድ፤ ጉዎ ጀርባውን ሰጥቷል።
"ስቶፕ!" አልኩ።
"ፕሊስ ስቶፕ!" (አዎ፣ እዚያች ላይ ሆኜ "ፕሊስ" ብያለሁ፤
ሳልታዘዝ ያደግኩ እንዳይመስለው ፈርቼ ይሆን? አላውቅም።)
"አቁም!" አልኩ።
ብረት እንኳን አማርኛ፣ ልመናም አይገባውም።
ከካርቶኖቹ ጀርባ፣ እንደ ፉጨት የቀጠነ፣ አንድ ድምፅ፦
"ቲንግ!"
የጉዎ እጅ ከራሱ ቀድሞ፣ ቀዩ ቁልፍ ላይ ዋለ፤
ክንዱ ከበዳዳ ጣት አንድ ስንዝር ላይ ተንጠለጠለ።

ምሳ ሰዓት፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሽሮ በፌስታል ፈትተን፣
"እስቲ ያቺን ቃል" አልኳት። ሰጠችኝ። እኔም "ቲንግ" ስል፣
በሳቅ ትን አላት።
"ይሄ እኮ 'ስማ' ነው ኢንጂነር! ሽቅብ ካላነሳኸው
ጆሮውን ይሰጥሃል እንጂ፣ ማሽኑን አያቆመው።"

አንድ ቃል ነው። ቀጥ ሲል ጆሮ፣ ሽቅብ ሲል ፍሬን።
ይኸን ማን ነገረኝ ቀድሞ፣ ማንስ አስተማረን?
ግን እኮ አውቀዋለሁ፣ ከቤቴ ነው የወጣሁት፤
"ዋና" ላልቶ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ወንበር ያለበት፤
"ገና" ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ ጊዜው ያልደረሰ፤
ፊደሉ መች ያሳያል፣ የቱ ላላ የቱ ታሰረ?
የኔም ኤ እንደዚያው ነው፣ ወረቀት ላይ ያለች ፊደል፣
አንባቢ አፍ እስኪያነሳት፣ ላልታ የምትውል።
ከሲቪዬ ጀርባ፣ በእስክሪብቶ፣ "ቲንግ" ብዬ ጻፍኩ፤
ከጎኗ ወደ ላይ የምትጠቁም ቀስት አቆምኩ።

በሳምንቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦
ተርጓሚ፣ ቻይንኛ የሚናገር፣ ዲግሪ ግዴታ።
ዲንቂቱ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤
"ግዴታ" ላይ ስትደርስ ጣቷን አላነሳችም።
"ዲግሪ" አለችኝ፣ "በቻይንኛ ምን ይባላል?"
"እንጃ" አልኳት፤ "አንቺስ?"
እሷም ጆሮዋ ላይ አልወደቀም፤ እወለሉ ላይ ማንም ብሎት አያውቅም።

ከውስጥ "ቶሎ ችግር!" ይላል ጉዎ።
እኩል ገባን።