አንድ ቁልፍ ለሦስት ቤት

በሪዬካ ወደብ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ቡራ የሚሉት ነፋስ መስኮቱን ሲያሰቃይ፣
የመርከብ ትኬት ይሸጣል መሥሪያ ቤታችን፤
ሦስት ቡድን አለን፣ ለየቅል ነው ቋንቋችን፤
ባንድ ጠረጴዛ በልተን በኮድ የምንናናቅ፣
ግድግዳ ሳይኖር የምንራራቅ።

ዲንኮ በሪአክት ሠራ የጉዞውን ሰሌዳ፤
ምላዴና ባንጉላር ያዘች የሒሳቡን ጓዳ፤
ደሴተኛው በስልኩ የሚያየው ቪዩ ነው፣
የቭዬኮ እጅ ሥራ፣ ሌላ የማይነካው።
ሦስቱም ቁልፍ አላቸው፣ ሦስቱም «ግዛ» ይላሉ፤
መልካቸውን ላየ ዘመድ አይመስሉ።
ያንዱ ጥግ ክብ ነው፣ ያንዱ ቢላ ይመስላል፣
ሦስተኛው ሲነኩት ዓይኑን ጠቀስ ያደርጋል።

አለቃችን መጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ
(አንድ ቁልፉ ወልቆ ክሩ ቢንጠለጠል፣ ልስቅ
ምንም አልቀረኝ)።
«ዝሪንካ፣» አለኝ፣
«ገጽ በቀየረ ቁጥር መንገደኛው ይደነብራል፣
በሌላ ሰው መርከብ የተሳፈረ ይመስለዋል።
አንድ ቁልፍ ሥሪልኝ፣ ለሦስቱም ቤት የሚሆን፤
እስከ ጥቅምት ይድረስ፤ አልጨምርም ቀን።»

ከማንም ሳልወግን ወረድሁ ወደ መሠረቱ፣
ብራውዘር በሚያውቀው ጻፍሁት፣ ባፍ መፍቻ አንደበቱ።
ሕጉ «ስም አውጪለት» ይላል፣ «መሃሉ ሰረዝ ያለበት፤
ሰረዝ የሌለው እንግዳ አይገባም እኔ ቤት።»
«መርከብ-ቁልፍ» አልሁት።
ከጥላ ሥር ተከልሁት፣
ከጎረቤት ቀለም ከለልሁት፤
የቭዬኮ ብጫ ቢፈስ አይደርስበትም፣
የምላዴና ድርብ ሕግ አይሠራበትም።

ደስ አለኝ። ማታ ሰርዲን ጠበስሁ። ጠዋት ዲንኮ፦
«ስጫነው አይሰማኝም! ዲዳ ነው ቁልፍሽ እኮ!»
ለካ ጥላ የሚጋርደው ቀለም ብቻ አይደለም፣
ድምፅም ያስቀራል፤ ጩኸትም አይዘልም
አጥሩን፣ «ተሻገር» ካላሉት በግልጽ።
አልሁት። ተሻገረ። ዲንኮ ሰማ የቁልፉን ድምፅ።

ቅዳሜ ማለዳ ስልክ ጮኸ፤ ከሎሺኝ ደሴት፣
ቶንቺ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መረብ ሠሪ፣ ባለ አንድ ድመት።
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣
ሞራውን ከዓይኔ ሊገፉልኝ፤
ትኬት ልቆርጥ ብል ቁልፉ እንቢ አለኝ።
ግራጫ ሆኗል።
ወይስ እሱ ደህና ነው፣
ዓይኔ ነው ግራጫው?»

የሳቸውን በእጄ ቆረጥሁ፣ ከዚያ ኮዱን ገለጥሁ፤
ቀን ሙሉ ፈለግሁ፣ ሲመሽ ነው ያገኘሁ።
ዲንኮ የላከው መልእክት «ዝግ? ሐሰት» ይላል፤
በዚያ በር የሚያልፍ ግን ሁሉም ቃል ሆኖ ይገባል፤
እውነትም ቃል ነው፣ ሐሰትም ቃል፤
ቁልፌም መሃይም በረኛ ነው፣ ፊደል የት ያውቃል?
በሩ ላይ ወረቀት ከተለጠፈ፣
«አልተዘጋም» ቢልም ጽሑፉ፣ እሱ ቆለፈ።

ቁልፍ መክፈቻ ነው ስል፣ መክፈቻ ብቻ፣
ለካ መቆለፍም የዚያው ሥር ዘመድ፣ የዚያው አቻ።

ለሦስቱም ቤት ሦስት ስስ ጓንት ሰፋሁ፣
ቃሉ ሳይሆን ነገሩ እንዲያልፍ በሩን አሰፋሁ፤
እያንዳንዱ በለመደው ወግ ይጨብጣል፣
ከጓንቱ ሥር ያው አንዱ እጅ ይሞቃል።
«የኔው ይሻል ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ ምላዴና፤
ዝም እላለሁ፤ ሰው የሠራውን ይወዳልና።
አለቃችን ሦስቱን ገጽ በተራ ነካክቶ፣
ወጣ ወደ ቡራው፣ ኮቱን በመዳፉ ደረቱ ላይ ገትቶ።

በወሩ ቶንቺ ደወሉ። ሌላ ብልሽት መስሎኝ ደነገጥሁ።
«አየሁት፣» አሉ፣ «ሰማያዊ ነው ለካ ቁልፍሽ፣
የግንቦት ባሕር ነው። ያኔ ግራጫ ነው ያልሁሽ
ዓይኔ ቢዋሸኝ ነው።»
«ኧረ የለም፣» አልኋቸው፣
«ያን ቀን ግራጫ ነበር።
ደህና አድርገው አይተዋል።»