ሠላሳ አንድ እርምጃ

ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው፣ ከአልጋዬ እስከ በሩ፤
በረዶ ሲጥል ግን ይጨምራል ቁጥሩ፣
እግር ያጥራልና መንሸራተት ሲፈራ።
ከበሩ ወዲያ ግን የእኔ አይደለም ስፍራ።

ሰባት ወር ሞላኝ በሽትራልዙንድ ከተማ፣
ባሕሩን ሳላየው ሽታውን ስሰማ።
ጳጳስ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ጫማ አይወለቅበት፣
ቀይ የሸክላ ደብር ነው የተማጸንኩበት።

ያገሬ ሰው ድሮ፣ ደም ያለበት ሸሽቶ፣
ደወሉን ደውሎ ከቅጥሩ ገብቶ፣
ገመዱን ከያዘ ማን ይነካው ነበር?
እዚህም እንደዚያው፤ ፖሊስ አያልፍም በር።
እኔ ደም የለብኝም፤ ያለብኝ አሻራ ነው፣
በሌላ አገር ወደብ ጣቴ የፈረመው።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤
ወረቀቱ ይዞኛል፣ ሞኙን ግን አላውቅም።

ደዋዩ ኡቨ ይባላል፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
መርከበኛ ነበር በወጣትነቱ።
የመጣሁ ለት ማታ የበሩን ቁልፍ ሰጠኝ፣
"ካንተ ዘንድ ይቀመጥ" ብሎ አስደነገጠኝ።

እስር ቤት አውቃለሁ። እዚያ ቁልፉ ከውጭ ነው፤
የሚከፍተው ሌላ፣ የሚዘጋው ሌላ ሰው።
ጠባቂን እየጠሉ አንቀላፍቶ ማደር
ምን ቀላል ነበር!
እዚህ ግን ከኪሴ ነው፤ ከሳንቲም ጋር ይንቃጨላል፣
ሌሊት ስገላበጥ "ታዲያስ?" ይለኛል።

ቄሷ፣ አዎን፣ ሴት ናት፣ ሾርባ ታመጣለች፤
"ታገሥ፣ እዚህ ሆነህ ማንም አይነካህም" ትላለች።
እውነቷን ነው። ማንም አይነካኝም።
ሰባት ወር፣ ከሐኪሙ በቀር፣ የነካኝ የለም።

ጠበቃው "ምናልባት ለፋሲካ" ብሎኛል፤
የማን አገር ፋሲካ እንደሆነ አልነገረኝም።

ከአጥሩ ሥር የበቀለ ሽማግሌ ዛፍ አለ፣
ሥሩ ከኛ ግቢ፣ ቅርንጫፉ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ፤
ግማሹ ጥገኛ፣ ግማሹ ሕገ ወጥ።
ነፋስ ሲመጣበት አያውቅም መምረጥ።

ይስማው ግን መረጠ። በኅዳር፣ አንድ ሌሊት፣
በጭነት መኪና ሆድ ባሕሩን ዘለቀበት።
ካርድ ደረሰኝ በስድስት ሳምንቱ፣
አድራሻ የለበት፣ ረጥቧል ፊደላቱ፦
"ድልድይ ሥር አድራለሁ። ዓሣ አራግፋለሁ። ጥርሴን አሞኛል።
ትናንት አንድ ሰው ሰደበኝ። መልሼ ሰደብኩት።
እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

ስንት ጊዜ አነበብኩት!
ለጥርሱ አዘንኩለት፤
በስድቡ ቀናሁበት።

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት አለ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራቱ ይበራል፣
ሽታው አጥር አያውቅም፣ ትራሴ ድረስ ይመጣል።
ዳቦውን በልቻለሁ፤ ቄሷ ትገዛልኛለች፤
ግን ሁልጊዜ በርዶ፣
ሰው እጅ ላይ ሰንብቶ።

ዛሬ ጠዋት ተነሣሁ። ጀግንነት አይደለም፤
ሕልም አላየሁም፣ የጠራኝም የለም።
ጫማዬን ሳስር ብቻ፣ ክሩ እጄ ላይ ቀረ።
የት ደርሶ ነው የነተበ?
ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ ሲመላለስ የኖረ፣
መንገድ ሳያይ ያረጀ ጫማ!
አፈርኩለት።

ቁልፉን ከደወሉ ገመድ ጫፍ አሰርኩት፣
ቀጥሎ ለሚመጣው።
ኡቨ ያየዋል። ምንም አይልም፤ መርከበኛ ነው።

ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።
ሠላሳ አንድ።

ሠላሳ ሁለት።

ፖሊስ አልነበረም። አንድ መኪና አልፎ ውኃ ረጨኝ።
ባሕሩ ወደ ግራ ነው፤ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፤
መጀመሪያ ራበኝ።

ሻጯ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።
ትኩሱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤
መዳፌን ለበለበኝ፤ አልለቀቅኩትም።
"ሌላስ?" አለችኝ።

ሌላስ?

ከኋላዬ ሰልፍ ቆሟል፣ አንዱ ይጠራርጋል ጉሮሮውን፤
እኔ ገና እያሰብኩ ነው።